ይሄ ጊታር የማን ልጅ ነው?

ቤት ውስጥ ስም የሌለው ጊታር ካለ ዘመድ በሙሉ የጊታር ሊቅ ነው። ስም ያለው ጊታር ማንንም አያነጋግርም። ጭንቅላቱ ላይ «ያማሃ» ተጽፎ ከታየ ነገሩ አለቀ፤ ሰው ወደ ቡናው ይመለሳል። ስም የሌለው ግን ሰፈር አዲስ እንደገባ ተከራይ ነው፤ ከየት መጣ፣ የማን ልጅ ነው፣ ምን ሠርቶ ያድራል ሳይባል አይታለፍም። መልሱን ደግሞ ከራሱ አፍ የሚጠብቅ የለም። ጠያቂው ይጠይቃል፣ ጠያቂው ይመልሳል፣ ጠያቂው ይምላል።

የኛ ቤቱ ጊታር የአጎቴ ነው። ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከአሮጌ ሻንጣ ጀርባ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የኖረው። ለፋሲካ ቤቱ ቀለም ሊቀባ ዕቃ ሲወርድ እሱም አብሮ ወረደ። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ልጆቹ ሳቁ። አይፈረድባቸውም። ገላው መሐሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ጠርዙ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ይሄስ የተለመደ ነው። ፊቱ ላይ ግን መስመር በመስመር የሆነ የብረት ሳህን ታስሮበታል፤ ሳህኑ ላይ የክሩን ድምፅ የሚይዝ ሦስት ፒክአፕ ተደርድሯል፣ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ አለው፣ ከነሱ አጠገብ ቮሊውምና ቶን አለ። ስድስቱም የክር መወጠሪያ በአንድ ወገን የተሰለፈበት ጭንቅላቱ ጫፉ ላይ ተቆልምሟል። ይሄም ይሁን። ታይቶ የማይታወቀው ነገር ከገላው ጠርዝ አጠገብ ያለው ቀዳዳ ነው። ስንጥቅ አይደለም፤ የአይጥ ሥራም አይደለም። አራት ጣት አስገብቶ ጊታሩን ለማንጠልጠል የሚበቃ፣ ታስቦበት የተቆረጠ፣ ዙሪያው የተለሰለሰ፣ ውስጡ ድረስ ቀለም የተቀባ ቀዳዳ ነው። ጭንቅላቱ ላይ አንድም ፊደል የለም። ስም በነበረበት ቦታ የቀሩት ሁለት ደቃቅ የምስማር ቀዳዳዎች ናቸው።

ምርመራው የተጀመረው እዚያው፣ ቀለም ቀቢው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

አጎቴ «ጊብሰን ነው፣ የአሜሪካ!» አሉ። ማስረጃቸው አጭር ነው፤ የሸጠላቸው ሰው ጊብሰን ነው ብሎ ነው የሸጠላቸው። ሰውዬው ከአስመራ የመጣ፣ ከቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖች ጋር የሚውል ሰው ነበር ይላሉ። የአሜሪካ ጦር ቃኘው ጣቢያን ይዞ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. አስመራ መቆየቱ እርግጥ ነው። ከወታደሮቹ አንዱ ጊታር ነበረው ቢባልም አንከራከርም። ከዚህ ተነስቶ ጊብሰን ላይ ለመድረስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ባለቤታቸው በበኩላቸው ስለ አገሩ ግድ አልነበራቸውም፤ የገረማቸው ቀዳዳው ነው። «ለመስቀያ ነው! ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል!» አሉና፣ ወዲያው ደግሞ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ሊሠራ ቁም ሳጥኔ ላይ ተኛ?» ብለው ነገሩን ወደ ሌላ ክስ ወሰዱት።

ኪየቭ የተማረ አማች አለን። ጊታሩን በአንድ እጁ አነሳ፣ አስቀመጠ፣ «ሩሲያ ነው» አለ። ለእሱ ከባድ ነገር ሁሉ ሩሲያ ነው። ይሁንና ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ አክብሮት የሚገባው የእሱ ነበር። ሶቭየት ኅብረት በርግጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ትሠራ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ «ቶኒካ» የሚባል መልኩ ግራ የሚያጋባ ጊታር አውጥታለች፤ ኋላም በዛሬዋ የካተሪንቡርግ፣ በያኔዋ ስቨርድሎቭስክ «ኡራል» የሚባለው ተሠርቷል። ምሥራቅ ጀርመንም «ሙዚማ» ነበራት። የአማቻችንን ሐሳብ የጣለችው አንዲት ቀዳዳ ናት፤ ያቺ ትልቋ አይደለችም፣ የገመዱ መሰኪያ ናት። የዚያ ዘመን የሶቭየት ጊታሮች ድምፃቸውን የሚያወጡት እንደ ቴፕ መቅረጫ ባለ አምስት እግር መሰኪያ ነው። የኛው ዛሬም ማንኛውም ጊታር የሚሰካበትን ባለ አንድ ዘንግ ጃክ ይቀበላል። አማቻችን ይሄ ሲነገረው «ቀይረውት ይሆናል» አለ። ያልተቀየረ መሆኑን ብረቱ ላይ ያለው ዝገት ይመሰክራል።

የጎረቤታችን ልጅ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ ገና ከበር ሆኖ ነው የፈረደው። «ጋሼ፣ ይሄማ ኢባኔዝ ነው! እጀታ ያለው ጊታር ኢባኔዝ ብቻ ነው!» ልጁ የሚለውን ያውቃል። ኢባኔዝ ለአሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ለስቲቭ ቫይ የሠራውና በ1987 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው «ጄም» የተባለ ጊታር ገላው ላይ የእጅ መያዣ አለው፤ ዓለም የሚያውቀው እሱን ነው። ችግሩ ዘመኑ ነው። ስቲቭ ቫይ የተወለደው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። አጎቴ ጊታሩን የገዙት እሳቸው እንደሚሉት በሃምሳዎቹ ማብቂያ በኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ሰውዬው ያኔ ገና ከእናቱ ጓዳ ያልወጣ ልጅ ነው። ለልጁ ይሄን ስነግረው አጎቴን በሌላ ዓይን አያቸው።

ስለ ጊታሩ የቀድሞ ባለቤት ደግሞ ምን ያልተባለ አለ! የያኔዋ አዲስ አበባ በሙዚቃ የነደደች ከተማ ነበረች። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ፤ አይቤክስ ባንድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከማህሙድ አህመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ቀረጸ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ከቁም ሳጥን የሚወርድ አሮጌ ጊታር በሙሉ ከነዚያ ሸክላዎች ባንዱ ላይ የተጫወተ ነው። የሚወራው ሁሉ እውነት ቢሆን አይቤክስ ባንድ በትንሹ ሃምሳ ጊታር ተጫዋች ሊኖረው ነው። የአጎቴም ጊታር በየበዓሉ አንድ አንድ ታላቅ ሰው እየተጨመረለት እዚህ ደርሷል፤ ለገና ከክቡር ዘበኛ ነበር የመጣው፣ ለፋሲካ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ሆነ።

እኔ በዚህ ነገር አንድ አቋም አለኝ፤ ጊታር በጭንቅላቱ አይታመንም። ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ መጀመሪያ የሚዋሸውም እሱ ነው። በ1960ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች ወደ አሜሪካ ጊታር በገፍ ሲልኩ ስሙን የሚመርጠው አስመጪው ነበር። አንዱ «ኬንት» በሉልኝ ይላል፣ ሌላው «ኪንግስተን»፣ ሦስተኛው «ኪምበርሊ»፣ አራተኛው «ኖርማ»። ጊታሮቹ ከአንድ ጣራ ሥር ወጥተው በየሱቁ በተለያየ ስም ይሸጣሉ፤ ወንድማማች ሆነው አይተዋወቁም። በ1970ዎቹ ደግሞ የጃፓን ሠሪዎች የጊብሰንን ጭንቅላት ቅርጽ ሳይቀር ገልብጠው ሲሠሩ፣ የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን በ1977 እ.ኤ.አ. ኢባኔዝን በአሜሪካ የሚያከፋፍለውን ኩባንያ ፍርድ ቤት አቆመው። የተካሰሱት በጭንቅላት ነው። ኢባኔዝ ራሱስ? ናጎያ ውስጥ በ1908 እ.ኤ.አ. ከመጻሕፍት መሸጫ የተነሳው የሆሺኖ ቤተሰብ ንግድ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ከስፔናዊው ጊታር ሠሪ ከሳልቫዶር ኢባኔዝ ነው። ኩባንያው ጃፓናዊ፣ ስሙ ስፔናዊ፣ የሚጫወተው የኛ ሰፈር ልጅ፤ የዘር ቆጠራው እንዲህ ነው።

መለያ ቁጥሩስ ትሉኝ ይሆናል። ቁጥርም እንደ ባለቤቱ ጠባይ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ጃፓን የተሠራ ኢባኔዝ ላይ አንድ ፊደልና ቁጥሮች ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ፊደሉ ወሩን፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱን ይናገራሉ፤ ስምንተኛዋ ፊደል ኤች ሆና 78 ከተከተላት ነሐሴ 1978 እ.ኤ.አ. አካባቢ ማለት ነው። ጊብሰን ግን፣ ያ የተከበረው ጊብሰን፣ በ1960ዎቹ አንዱን ቁጥር ከአንድ በላይ ለሆኑ ጊታሮች ሲሰጥ ኖሯል። ርካሽ የጃፓን ጊታር ላይማ ቁጥር ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ምንም አይናገርም። የኛው ጀርባ ላይ፣ አንገቱን ከገላው ጋር በአራት ብሎን ያሰረው ሳህን ላይ ያለው ጽሑፍ «አንገቱ በብረት የተጠናከረ» የሚል የእንግሊዝኛ ጉራ ነው። አጎቴ «እንግሊዝኛ አይደለም እንዴ? አላልኳችሁም?» አሉ። ግን ይሄ ጉራ ራሱ ያስጠረጥራል፤ በዚያ ዘመን ወደ ውጭ በሚላኩ የጃፓን ጊታሮች ላይ የሚዘወተር ነው። አሜሪካኖቹ አንገታቸው ብረት እንዳለው በጀርባቸው አይጽፉም ነበር።

ክርክሩ ያበቃው የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ሲመጡ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሐሳቡን ሲያቀርብላቸው «ሳልፈታው አልናገርም» ብለው ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አገር ውስጥ ስንት ቀርቶ ይሆን?

የመጀመሪያውን ብሎን ሊፈቱ ባለ መስቀሉን ካቻቢቴ ገፋ አድርገው ሲያዞሩት አዳለጣቸው። ደግመው ሞከሩ፤ ካቻቢቴው ከብሎኑ ራስ ተፈናጥሮ ወጣ። ካቻቢቴውን አይተው፣ ብሎኑን በባትሪ አይተው ፈገግ አሉ። «ይሄ የጃፓን ብሎን ነው» አሉ። ገና አልተከፈተም እኮ! ነገሩ እንዲህ ነው፤ የጃፓን ባለ መስቀል ብሎን የተሠራበት ደረጃ ከአሜሪካው ለዓይን በማይታወቅ ልክ ይለያል። በአሜሪካው ካቻቢቴ የጃፓኑን ብሎን የሚፈታ ሰው የብሎኑን ራስ በልቶት ያርፋል። እሳቸው ይሄን የተማሩት ስንት የጃፓን ሬዲዮና ቴፕ ሲፈቱ ኖረው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ በሞረድ ትንሽ ነካ ነካ አደረጉት፤ ብሎኖቹ አንድ በአንድ እሺ ብለው ወጡ። ስለ ጊታር አንድም ቃል ያልተናገሩ ሰው ከሁላችንም በፊት አገሩን አወቁት።

ሳህኑ ሲነሳ ቤተሰቡ በሙሉ አናቱን አስገባ። ባለሙያ እዚህ ጋ መጀመሪያ የሚያየው የቮሊውምና የቶኑን ሆድ ነው። የአሜሪካ ጊታር ከሆነ ጀርባቸው ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ በ137 ከጀመረ ሲቲኤስ፣ በ304 ከጀመረ ስታክፖል የተባለ ፋብሪካ የሠራው ነው፤ የሚከተሉት አኃዞች ዓመቱንና ሳምንቱን ይሰጣሉ። 1376632 ከሆነ ሲቲኤስ በ1966 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የሠራው ዕቃ ነው። ይሄም ቢሆን የዕቃው ልደት እንጂ የጊታሩ አይደለም፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ጊታሩ ግን ከዚያ ቀን በፊት ሊወለድ አይችልም። እኛ 137ን ፈለግን፣ 304ን ፈለግን፣ የለም። የጊብሰን ነገር እዚያ ላይ ተቀበረ። እንጨቱም ሲታይ አንድ ወጥ አይደለም፤ ተደራርቦ የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ ነው። የአጎቴ ባለቤት ጎንበስ ብለው አዩና «የአልጋዬ ራስጌ ይሄው ነው» አሉ፤ ልክ ናቸው።

ልኬት ደግሞ አለ። ከአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት አንገቱ ላይ እስካለው 12ኛ የብረት መስመር (ፍሬት) ለክቶ በሁለት ማባዛት ነው። 648 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከመጣ የሌላው አሜሪካዊ ሠሪ የፌንደር ልክ ነው፤ 628 አካባቢ ከሆነ የጊብሰን። የኛው ከሁለቱም አልገጠመም፤ በራሱ መንገድ የሚሄድ ሰው ነው። ጠጋኙ ከዚያ ቴስተራቸውን አውጥተው ፒክአፖቹን ለኩ። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይጠመጠምበታል፤ ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ሁለቱ ፒክአፖች ተናገሩ። ሦስተኛው ዝም አለ፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሷል።

ከዚህ በኋላ የቀረው የድሮ ካታሎግ ሥዕሎችን ማገላበጥ ነበር፤ ቀላሉ ክፍል ይሄ ነው። መስመር ያለው የብረት ሳህን፣ የተቆለመመው ጭንቅላት፣ ሦስት ፒክአፕ፣ እና ከሁሉም በላይ ያ ቀዳዳ። አራቱን አንድ ላይ የያዘ ጊታር ቴይስኮ ነው፤ ሞዴሉም ቲጂ-64። ከስቲቭ ቫይ ጊታር ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ የእጅ መያዣ የነበረው ይሄ ነው። አሜሪካኖች መያዣውን «የዝንጀሮ መጨበጫ» ይሉታል። ይሄን ለአጎቴ አልነገርኳቸውም።

ቴይስኮን ቶኪዮ ውስጥ በ1946 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት አትስዎ ካኔኮ የተባለ የሃዋይ ጊታር ተጫዋችና ዶርዩ ማትሱዳ የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ገና ዓመቱ ነው፤ ከተማዋ አመድ ናት፤ ሁለት ሰዎች ግን ጊታር እንሥራ ይላሉ። እብደት ይመስላል፤ አልነበረም። በ1965 እ.ኤ.አ. ቬንቸርስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ጃፓን ዞሮ ሲጫወት የአገሩ ወጣት በሙሉ ኤሌክትሪክ ጊታር አማረው። ወላጅና መምህር ደነገጡ፤ ልጅ ያበላሻል ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ተከለከለ። ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። አጎቴ ጊታሩን ይዘው የገቡ ቀን «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው ነው የተቀበሏቸው፤ ብርድ ልብሱም የተጀመረው ያኔ ነው። የአንድ የቶኪዮ አባትና የአዲስ አበባው አያቴ በቋንቋ አይግባቡም፤ በዚህ ግን አንድ ቃል ናቸው።

የቴይስኮ ጌቶች ሠርተው የማይጠግቡ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ወዳድ ሰዎች ነበሩ። አንድ ፒክአፕ ከሚበቃበት ሦስት፣ ሦስት ከሚበቃበት አራት ያስገባሉ። አንዳንዱ ጊታራቸው ከመጫወቱ በፊት መብራት ኃይል ተቀጥሮ መሥራት የሚጠይቅ ይመስላል። ኩባንያው አልቆየም፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ካዋይ ገዛው።

እዚህ ላይ ደግሞ አዲስ ጠብ ተነሳ። ሞዴሉ 64 መሆኑን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው የ64 ነው» ብሎ ደመደመ። የማን 64? የነሱ 64 ሲሆን እኛ ገና 56 እና 57 ላይ ነን። የኛ 64 ሲደርስ ቴይስኮ ለካዋይ ከተሸጠ ዓመታት አልፈዋል። አጎቴ «በሃምሳዎቹ ማብቂያ ነው የገዛሁት» ያሉት ከጊታሩ ዕድሜ ጋር በትክክል ይገጥማል። ስለ አገሩ የነገሯቸው ሐሰት ነው፤ ስለ ዘመኑ እሳቸው የነገሩን እውነት ነው። የአሜሪካኖቹም ወሬ ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም፤ ቴይስኮ በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ «ቴይስኮ ዴል ሬይ» ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ ሲርስ የተባለው ትልቅ መደብርም አንዳንዱን «ሲልቨርቶን» በሚል ስም አቅርቦታል። አንድ ወታደር ይዞት መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጊታሩ ግን ስለዚህ ምንም አልመሰከረም።

አጎቴ ዜናውን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ለእሳቸው ዘመን ሰው «ጃፓን» ማለት ዝናብ ሲነካው የሚለቅ ጨርቅ ነው። «ጃፓን ነው እንዴ?» አሉ፣ ልክ ልጃቸው ያልታሰበ ቤት ያገባ ይመስል። የመለሱላቸው ባለቤታቸው ናቸው። «ቶዮታውስ የየት አገር ነው? እሱን በቀን ሁለቴ ታጥበው የለም እንዴ!»

ከዚያ ወዲህ ጊታሩ ሳሎን ተቀምጧል። አይሸጥም።

ቤታችሁ ስም የለሽ ጊታር ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አታስቀቡት፤ ቫርኒሽም አታስነኩት። ከመፈታቱ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱት፤ የወጣውን ብሎን ሁሉ አስቀምጡት። ፒክአፑን ብቻ ልግዛችሁ የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት፤ ራይ ኩደር የተባለው አሜሪካዊ የቴይስኮ ፒክአፕ ፌንደሩ ላይ አስገብቶ ከተጫወተ ጀምሮ ነጋዴው ልቡን እያወጣ ጊታሩን ጥሎ የሚሄድ ሆኗል። የኛው የጎደለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ የትሬሞሎ ክንዱ የለም። ምናለሽ ተራ ስታልፉ ከብረታ ብረት መሐል ቆልመም ያለች፣ ጫፏ ላይ ፕላስቲክ ያላት ቀጭን ዘንግ ካያችሁ፣ የመጋረጃ መሆኗን ሳታረጋግጡ አትለፏት፤ ዋጋውን እኛ እንከፍላለን።